ራዚያትና የዳክዬዋ ጅራት

በካስፒያን ባሕር ዳር በምትገኘው በዚያች የፋብሪካ ከተማ አሉሚኒየም የሚበይዱ ሴቶች ስድስት ነበሩ። አምስቱ ከቮልጋ አገር በባቡር የመጡ ሩሲያውያን ናቸው። ስድስተኛዋ ራዚያት ናት። ራዚያት ዳርጊን ከሚባለው የተራራ ሕዝብ የወረደች ልጅ ስትሆን፣ «ሴት ልጅ ከእሳት ጋር ምን አላት» ያለውን የአባቷን ኩርፊያ ከነመንደሩ ሐሜት ጥላ የመጣችው በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ሃያ ሰባት ሲሞላት ግን በፋብሪካው ውስጥ ከወንድም ከሴትም እሷን የሚያህል በያጅ አልነበረም።

አሉሚኒየም እንደ ሌላው ብረት አይደለም። ብረት ሊቀልጥ ሲል ይቀላል፤ ተጠንቀቅ ይልሃል። አሉሚኒየም ግን መልኩን ሳይለውጥ፣ እንደነጣ፣ ድንገት ተንዶ ጫማህ ላይ ይፈሳል። ስለዚህ የሚያጠፋው ዓይኑን ያመነ በያጅ ነው። ራዚያት የምታምነው እጇን ነበር። መስመሩን ጀምራ እስክትጨርስ ትንፋሿን ስለምትይዝ፣ ጓደኞቿ «ዋናተኛዋ» እያሉ ይቀልዱባት ነበር። ስትጨርስ ጭንብሏን ገልጣ አየር ትስብና የራሷን ቁጥር ከመስመሩ ጫፍ ላይ በመዶሻ ትመታለች። እያንዳንዱ በያጅ የራሱ ቁጥር አለው። የእሷ አርባ አንድ ነው። አርባ አንድ የተመታበትን መስመር በራጅ የሚመረምሩት ልጆች ፊልሙን ሳያዩ ቢያሳልፉት ደስ ይላቸው ነበር፤ ሁሌም ንጹሕ ነዋ።

ያኔ የሚሠሩት ማሽን በወረቀት ላይ «ትዕዛዝ ሰባት» ይባላል። ከተማው ግን ዳክዬዋ ይላታል። በከተማው ስለ እሷ ማውራት ክልክል ነው፤ ሆኖም ሞተሮቿ ሲነሡ የየቤቱ መስኮት እየተንቀጠቀጠ ማን አልሰማሁም ይላል? ርዝመቷ ስልሳ ሜትር ነው። ክንፏ አጭርና ሰፊ፣ ጅራቷ እንደ ሦስት ፎቅ ቤት የቆመ። ከባሕሩ በላይ የምትነሣው ሦስት ሜትር ብቻ ነው። በክንፏና በውሃው መካከል የታመቀው አየር እንደ ትራስ ይሸከማትና መቶ ሃምሳ ወታደር ሆዷ ውስጥ ጭና ከማንኛውም መርከብ አሥር እጥፍ ትፈጥናለች። የጠላት ራዳር ዝቅ ብሎ ስለማያይ አያገኛትም ተብሎ ነበር የተሠራችው።

«ባሕር ኃይሉ አውሮፕላን ናት ይላል፣ አየር ኃይሉ ደግሞ መርከብ ናት ይላል» እያለ ያሾፍባት ነበር ታጁዲን። «አባት ጠፍቶባት ልታለቅስ ነው።»

ታጁዲን የዳክዬዋ የበረራ መካኒክ ነው። የዓሣ አጥማጆች ሰፈር ልጅ፣ ሃያ ስድስት ዓመቱ፣ ረጅምና ጎባጣ። ሥራው ከጅራቱ ሥር ባለችው ጠባብ ክፍል ተቀምጦ የኋላውን ሞተር መከታተል ነበር። ከሙከራ በተመለሰ ቁጥር ወደ ራዚያት ይመጣና የዳክዬዋን ጎን በጣቱ ይመታል።

«እታለም፣ ዛሬም አልተተረተረም» ይላል።

«ይተርተርና ልይህ።»

«ይህን ያህል ከጠላሽኝ ለእማዬ እነግርብሻለሁ። ዓሣ ማግኘትሽ ይቀራል።»

እናቱ የምታደርቀውን ዓሣ በጋዜጣ ጠቅልሎ ያመጣላት ነበርና ራዚያት ዝም ትላለች።

የዳክዬዋን አካል ጥንካሬ የሚቆጣጠረው መሐንዲስ ግሌብ አንቶኖቪች ይባላል። ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነበር፤ ያለ ዕድሜው የተመለጠ ቀጭን ሰው፣ የካፖርቱ ኪስ ሁልጊዜ በጠመኔና በሱፍ ፍሬ የተሞላ። ሌሎቹ መሐንዲሶች በያጆቹን «እዚህ በይዱ፣ እዚያ በይዱ» ብለው ያልፋሉ። እሱ ግን ቁጢጥ ብሎ ለምን እንደሆነ ያስረዳል። ራዚያት የብረትን ጠባይ የተማረችው ከእሱ ነው። ሩሲያኛዋ ሲሰባበር ስቆ አያውቅም።

የካቲት ላይ ዳክዬዋ ከብርዱ ወራት ሙከራ ተመልሳ ወርክሾፑ ውስጥ ስትታጠብ ግሌብ አንቶኖቪች ጅራቷ ከአካሏ የሚጋጠምበትን ቦታ ሊፈትሽ ፈለገ። ፍተሻው ቀላል ነው። ነጭ ጋዝ በብሩሽ ትቀባና ትወለውለዋለህ፤ ከዚያ በላዩ በውሃ የተበጠበጠ ጠመኔ ትቀባለህ። ስንጥቅ ካለ ውስጡ የቀረው ጋዝ ጠመኔው ሲደርቅ ወጥቶ ጥቁር ክር ይስላል። በኋላው ተሸካሚ ብረት ላይ፣ አርባ አንድ ከተመታበት መስመር ጎን፣ የጣት ርዝመት ያለው ጥቁር ክር ቀስ ብሎ ወጣ።

ራዚያት አጠገቡ ቆማ ነበር። ፊቷ በረደ።

«ያንቺ አይደለም» አለ ግሌብ አንቶኖቪች ቀና ሳይል።

«ቁጥሬ እኮ ነው አጠገቡ ያለው።»

«ብየዳሽ ደህና ነው። ብረቱ ነው። ይኼ ቅይጥ ጨውና ብርድ ሲፈራረቁበት እንደ ደረቅ ብስኩት እንደሚሆን ሁለት ጊዜ ጽፌላቸዋለሁ፤ አልሰሙኝም። አሁን በዓይናቸው ያያሉ።» ተነሥቶ ጉልበቱን አራገፈ። «ሰኞ ማሽኑን የሚመረምር ኮሚሽን ከላይ ይመጣል። እስከዚያ ማንም እንዳይነካው። ጅራቷ በሙሉ በሌላ ብረት ይቀየራል። አንድ ዓመት ይፈጃል። ይፍጅ።»

«የኔ ነው ቢሉስ?»

«እኔ አለሁ አይደለም እንዴ? ስንጥቁን ስናስቆርጠው መነሻው ከመስመርሽ ውጭ መሆኑ ይታያል። አትፍሪ።»

እሷ ግን ፈራች። ፎርማኑ ሻፒ ደግሞ ፍርሃቷን አላሳረፈውም። ሻፒ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ዳክዬዋ በቀኑ ካልወጣች የሚጠየቀው እሱ ስለሆነ ብቻ ሰው መውጋት ይወድ ነበር።

«እንግዲህ ሰኞ ለእነዚያ ትልልቅ ሰዎች የማሳየው ያንቺን ቁጥር ነው» አላት ሻይ እየጠጣ። «አርባ አንድ፤ አጠገቡ ስንጥቅ። ጋዜጣ ላይ ፎቶሽን ያወጣነው በከንቱ ነዋ። በቃ ተራራሽ ተመልሰሽ ምንጣፍ ትሠሪያለሽ።»

«ብረቱ ነው ብለዋል ግሌብ አንቶኖቪች።»

«ግሌብ አንቶኖቪች ዲፕሎማ አለው። ቢሳሳት ሌላ ቦታ ይቀጥሩታል። አንቺ ምን አለሽ? እጅሽ ብቻ ነው ያለሽ፤ እሱም ሰነጠቀ ሊባል ነው።»

ይህች ቃል ገባችባት። ዓርብና ቅዳሜ እንቅልፍ አልነበራትም። የሚታያት የአባቷ ፊት ነበር፤ «አላልኩም?» ሲል። እሁድ ከቀትር በኋላ ወርክሾፑ ባዶ ሲሆን ጭንብሌን ረስቻለሁ ብላ ዘበኛውን አስከፈተችው። ብየዳውን ከአየር የሚከላከለውን አርጎን የሚባል ጋዝ ከፈተች። ስንጥቁን በሞረድ ተከትላ ቆፈረችው፤ ንጹሑን ብረት እስክታገኝ ድረስ ቆፈረችው። ከዚያ ትንፋሿን ይዛ ሞላችው። ሞረደች፣ ወለወለች፣ እንደ መስተዋት አደረገችው። አርባ ደቂቃ ፈጀባት። በሕይወቷ እንደዚያ ያማረ ሥራ ሠርታ አታውቅም። ጠገንኩት እኮ፣ አለች ለራሷ፤ ከተጠገነ ሌላ ምን ይፈለጋል? የሚጎዳ ነገር አደርጋለሁ ብላ አላሰበችም። ጅራቱን ያዳነችው እንጂ ያጠፋችው አልመሰላትም።

ሰኞ ኮሚሽኑ መጣ። ሰባት ሰዎች ናቸው፤ አለቃቸው ላብ የሚያጠምቀው ወፍራም ኮሎኔል። ግሌብ አንቶኖቪች ነጭ ጋዙን ቀብቶና ወልውሎ ጠበቃቸው። ጠመኔውን በብሩሽ ቀባ። ሁሉም ጎንበስ ብለው አዩ። ጠመኔው ነጭ ነው። ደገመው። አሥር ደቂቃ ጠበቁ። አሁንም ነጭ ነው።

«የታለ?» አለ ኮሎኔሉ።

ግሌብ አንቶኖቪች ጠመኔውን በአውራ ጣቱ ጠርጎ ብረቱን ተመለከተ። «ይኼ ተሞርዷል» አለ። «ማነው የሞረደው?»

«እንግዳ ሲመጣ ሁሉንም ነገር እንወለውላለን» አለ ሻፒ። እሱም እውነቱን ነበር፤ ምንም አያውቅም። «የምንውልበት ወርክሾፕ ቆሽሾ ይጠብቃቸው?»

ራጁ መጣ። ፊልሙ ታጠበ። አንዲት ነጥብ እንኳን የሌለበት ንጹሕ ብየዳ ሆኖ ወጣ።

ኮሎኔሉ ወደ ራዚያት ዞረ። «በያጇ አንቺ ነሽ?»

«አዎ።»

«እዚህ ቦታ ላይ ስንጥቅ አይተሻል?»

ግሌብ አንቶኖቪች አያት። አስተያየቱ የሚለምን አልነበረም፤ መልሷን እንደሚያውቅ ሰው፣ ዘና ብሎ ነው ያያት። በኋላ ዘመኗን ሙሉ ያቃጠላት ይህ አስተያየቱ ነው።

«አላየሁም» አለች።

ግሌብ አንቶኖቪች የኪሱን ጠመኔ አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠና ወጣ። በሳምንቱ ውስጥ ሐሰተኛ ማስጠንቀቂያ ጽፏል፣ ሥራ አጓትቷል ተብሎ በሰሜን ወደሚገኝ የወንዝ ጀልባ መሥሪያ ተዛወረ። ራዚያት ባቡር ጣቢያ ድረስ ልትሸኘው ፈልጋ ነበር። እስከ መንገዱ ማዕዘን ሄዳ ተመለሰች።

ከባሕሩ ዳር ሁለት ኪሎ ሜትር ገባ ብሎ፣ ውሃው መካከል፣ አንድ ግንብ ቆሟል። ከዓለም ጦርነቱ በፊት ቶርፔዶ የሚባለውን በውሃ ውስጥ የሚሄድ ቦምብ ለመሞከር የተሠራ ነው። መሠረቱን የብስ ላይ እንደ ባዶ ሣጥን ገንብተው፣ እንደ መርከብ ጎትተው ወስደው፣ ባሕሩ ወለል ላይ በተነጠፈ ጠጠር ላይ አስቀመጡት። በዘመኑ ምግብ ቤትና ቤተ መጻሕፍት ነበረው። አሁን የሚኖሩበት ወፎችና የሙከራ ታዛቢዎች ናቸው። ሚያዝያ ላይ ማዕበሉ የግንቡን መሰላል ስለገነጠለው ራዚያት እንድትበይደው በጀልባ ወሰዷት። ዳክዬዋን ከዚያ አየቻት።

ባሕሩ ያን ቀን ትንሽ ተቆጥቶ ነበር። ዳክዬዋ ከሰሜን በኩል መጣች፤ ከሥሯ ነጭ ጭጋግ እየረጨች፣ ግንቡን እያንቀጠቀጠች። ታዛቢዎቹ መነጽራቸውን አነሡ። አንድ ረዘም ያለ ማዕበል ሆዷን መታት፤ ዘለለች፤ ተመልሳ ስትወርድ ሁለተኛው ማዕበል ኋላዋን አገኛት። ራዚያት ድምፁን አልሰማችውም። ያየችው ጅራቷ ከነሞተሩ፣ ቀጥ ብሎ እንደቆመ፣ ወደ ኋላ ሲቀር ነው። እየተንገዳገደ ለጥቂት ጊዜ ውሃው ላይ ቆመ። ከዚያ ሰመጠ።

የፊተኛው ክፍል አልቆመም። አብራሪው የአፍንጫውን ሞተሮች እስከ መጨረሻ ከፍቶ፣ ውሃው በተከፈተው ኋላዋ እንዳይገባ አፍንጫዋን እያነሣ፣ እየጎተተ ዳር አደረሳት። አምስት ሰዎች በእግራቸው ወረዱ።

«ስንት ነበሩ?» ብላ ጠየቀች ራዚያት አጠገቧ ያለውን ታዛቢ።

«ስድስት» አለ።

ታጁዲን በሦስተኛው ቀን በዓሣ አጥማጆች መረብ ወጣ። አጎቱ ነው መረቡን የሳበው።

ጅራቱንም ከባሕሩ ወለል አወጡት። አጣሪው ከሩቅ የመጣ ጸጥ ያለ ሰው ነበር። ራዚያትን አስጠርቶ የተሰበረውን ብረት አሳያት። ስብራቱ ዙሪያውን እንደ ሸክላ ተፈርክሷል። እሷ ያን እሁድ የበየደችው ቦታ ግን ሁለት ስንዝር ራቅ ብሎ፣ ከነውልውሉ፣ ደህና ነው።

«ያንቺ ሥራ አልለቀቀም» አላት አጣሪው። «ዙሪያው ሁሉ ሲበጣጠስ አልለቀቀም። እንዲህ ያለ ብየዳ አይቼ አላውቅም።»

ያኔ መናገር ትችል ነበር። ሰውዬው ጊዜ ነበረው፤ ሻይ ሁሉ ቀድቶላታል። አፏን ከፍታ «አመሰግናለሁ» አለች። ሪፖርቱ ጥፋቱን በማዕበሉ ላይ ጣለው፤ ከነምስጢሩ ካዝና ውስጥ ተቆለፈ። ለራዚያት የክብር ወረቀት ተሰጣት። ከዚያ በኋላ የተሠሩት ዳክዬዎች በሙሉ ጅራታቸው በሌላ ብረት ሆነ፤ ለምን እንደተቀየረ የትም አልተጻፈም። የግሌብ አንቶኖቪችን ስም ያነሣ ሰው አልነበረም።

ወረቀቱን በተቀበለች በማግሥቱ ወደ ታጁዲን እናት ቤት ሄደች። ልትናገር ነበር የሄደችው። አሮጊቷ በር ላይ አቀፈቻትና «ልጄ ስላንቺ ሲያወራ አይጠግብም ነበር፤ እህት አገኘሁ ይለኝ ነበር» አለቻት። ራዚያት ተቀመጠች፤ ዱቄት አቦካች፤ አይብና ቅጠል የተሞላ፣ ቹዱ የሚሉትን ቂጣ ጠፍጥፋ ለለቀስተኛው አቀረበች። በሚቀጥለውም ሳምንት ሄደች። ከዚያ በኋላም መሄዷን አላቋረጠችም። የታጁዲን ታናሽ እህት ሳኒያት ስታገባ ሙሽራዋን ያለበሰቻት ራዚያት ናት። አሮጊቷ በመጨረሻ አልጋ ላይ ስትውል ሳኒያት አራስ ነበረችና፣ ያገላበጠቻትና እጇን ይዛ የሸኘቻት ራዚያት ናት።

እሷም አግብታ ሁለት ሴቶች ልጆች ወለደች፤ አድገው ወደ አስትራካን ሄዱ፤ ባሏም ሞተ። አገሩ ሲፈርስ ፋብሪካው ተዘጋ። ራዚያት ገበያው ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይታ የወተት ጋኖችና የግቢ በሮች እየበየደች ኖረች። ሰው «የራዚያት ጋን አያፈስም» እያለ ይመጣላት ነበር። እንዲህ በተባለ ቁጥር ፊቷን ታዞራለች፤ ደንበኞቹ ትሕትና ይመስላቸዋል።

ከብዙ ዘመን በኋላ፣ ከተረፉት የመጨረሻዋን ዳክዬ ለጎብኚ እናሳያለን ብለው ከወደቡ ጎትተው አሸዋው ላይ አወጧት። ሰዉ ግልብጥ ብሎ ወጣ፤ ሙሽሮች ክንፏ ሥር ፎቶ ይነሣሉ። ራዚያት ሰባ ሦስት ዓመቷ ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ በዚያ ስታልፍ አንድ መላጣ ሽማግሌ ከዘራውን አሸዋ ላይ ጥሎ የዳክዬዋን ሆድ በመዳፉ ሲዳስስ አየች። ከጀርባው ነው ያወቀችው።

«ግሌብ አንቶኖቪች።»

«አዎ። ይቅርታ፣ ዓይኔ ደክሟል።»

«ራዚያት ነኝ። በያጇ። አርባ አንድ ቁጥር።»

ፊቱ በራ። «ዋናተኛዋ» አለ። «ነይ እስቲ፣ ጠጋ በይ። አለሽ እንዴ? ሰው ቀርቶልኛል ብዬ አልመጣሁም። ይኼንን ብረት ብቻ ልሰናበት ብዬ ነው የመጣሁት።»

አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ከኪሱ የሱፍ ፍሬ አውጥቶ አካፈላት። ስለ ልጆቿ ጠየቃት፤ ስለ ወንዝ ጀልባዎቹ ነገራት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የመንገደኛ ጀልባ ወንበር ሲያቀያይር እንደኖረ ነገራት፤ እየሳቀ ነው የነገራት፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ።

«ሻፒ አለ?» አለ ቆይቶ።

«ሞተ። ሃያ ዓመት ሆነው።»

«ነፍስ ይማር ማለት ነበረብኝ፤ አልልም። ያን ስንጥቅ የደፈነው እሱ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደረገምኩት አለሁ። ሚስቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ‘ሻፒ የሚባል ሰው እኛ ቤት ኪራይ ሳይከፍል ይኖራል’ ትለኝ ነበር።»

ራዚያት የሱፍ ፍሬውን ከመዳፏ ወደ አሸዋው አራገፈች።

«ሻፒ አልነበረም» አለች። «እኔ ነኝ። እሁድ ገብቼ በየድኩት።»

ግሌብ አንቶኖቪች አላያትም። ባሕሩን ነበር የሚያየው። ሁለት ልጆች ኳስ እያባረሩ በፊታቸው አለፉ።

«ጥልቀቱ ስንት ነበር?» አለ።

«እ?»

«ስንጥቁ። ስትቆፍሪው ስንት ገባ?»

«ሦስት ሚሊሜትር ገብቼም ነበረ። አራተኛው ላይ ንጹሑን አገኘሁ።»

«ከስድስት ሚሊሜትር ውፍረቱ አራት።» ራሱን ነቀነቀ። «እኔ ሁለት ብዬ ነበር የጻፍኩት። አራት እንደሆነ ባውቅ ኖሮ ሰኞን አልጠብቅም ነበር። በዚያኑ ቀን አስቆርጠው ነበር።»

«ግሌብ አንቶኖቪች፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ያ ሙቀቴ፣ ያ ብየዳዬ ነው ሌላውን ቦታ የሰበረው? ልጁን እኔ ነኝ የገደልኩት?»

አሁን አያት። የደከመ ዓይኑን አጥብቦ፣ ልክ እንደ ድሮው ነገር ሲያስረዳ ረጋ ብሎ መለሰላት።

«ብረቱ ቀድሞም የሞተ ነበር። ያን ቀን ባይሰበር በአሥረኛው በረራ ይሰበራል። ሙቀትሽ ጨምሮበት እንደሆነ አላውቅም፤ ማንም አያውቅም። ይህን ብቻ አውቃለሁ። ያ ጥቁር ክር ሰኞ ጠመኔው ላይ ቢወጣ ኖሮ በረራ አይኖርም ነበር።»

እሷ የፈለገችው አዎ ወይም አይደለም የሚል መልስ ነበር። ይህኛው ከሁለቱም የከበደ ሆነባት።

ግሌብ አንቶኖቪች ከደረት ኪሱ ደብተርና እስክሪብቶ አወጣ። «ይጻፉልኝ» አለ። አንቺ ማለቱን ትቶ ነበር። «ቀኑን፣ ጥልቀቱን፣ የተጠቀሙበትን ሽቦ። ከኮሚሽኑ ፊት የተናገሩትንም። ከዚያ ይፈርሙልኝ። የቀሩ ጥቂት የድሮ ባልደረቦች አሉ፤ ሳልሞት ላሳያቸው እፈልጋለሁ።»

ጻፈች። ፈረመች። ደብተሩን አጥፎ አስገባ፤ ከዘራውን አንሥታ ስትሰጠው ተቀበላት፤ «ደህና ይሁኑ» ብሎ በአሸዋው ላይ ቀስ እያለ ሄደ። እጁን አልሰጣትም። ይቅርታ አልጠየቀችውም ነበር፤ ትዝ ያላት ከራቀ በኋላ ነው። ተከትላ ልትጠራው አሰበችና በየትኛው አፌ ብላ ተወችው።

ጽሑፉ የተነበበለት ሰው ለሌላ ሰው መናገሩ አይቀርም። ስለዚህ በማግሥቱ ጠዋት ወደ ሳኒያት ሄደች። ሳኒያት ገበያው ውስጥ ኮምጣጤ የገባበት ጎመንና ደረቅ ዓሣ ትሸጣለች። እንደ ሁልጊዜው ከጎኗ ያለውን ርጩማ በጨርቅ ጠርጋ አቀረበችላት።

«ዛሬ ቀድመሽ መጣሽ። ሻይ ላምጣ?»

«አይ። ተቀመጪ፣ የምነግርሽ አለ።»

ነገረቻት። ከጠመኔው ጀምራ እስከ ትናንቱ ደብተር ድረስ፣ አንዱንም ሳታስቀር። ሳኒያት መሐል ላይ አንድ ደንበኛ መጥቶ ዓሣ ሲጠይቃት «የለም» አለችው፤ ዓሣው ፊት ለፊቷ ተደርድሮ።

ራዚያት ስትጨርስ ሳኒያት የሚዛኑን ሳህን በጨርቅ ትጠርግ ነበር።

«እማዬ ስትሞት እጇን የያዝሽው አንቺ ነሽ» አለች።

«አዎ።»

«ያኔ ታውቂ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

«ስታገላብጫት፣ ስታጥቢያት፣ ልጄ ስትልሽ።»

«አዎ።»

«ለባሌ ያልነገርኩትን ላንቺ ነው የነገርኩት። ይኼን ሁሉ ዘመን።» ሳህኑን መልሳ ሰቀለችው። «አሁን ማን ጠየቀሽ? ላንቺ ይቅለልሽ ብለሽ ነው?»

«ከሌላ ሰው አፍ እንዳትሰሚው ብዬ ነው።»

«ከሌላ ሰው ብሰማው ይሻለኝ ነበር። ውሸት ነው ብዬ ከሰውዬው ጋር እጣላልሽ ነበር።»

«ሳኒያት፣ እኔ…»

«ሂጂ እስቲ አሁን» አለች ሳኒያት። አልጮኸችም። «ልሥራበት። ሰው እየመጣ ነው።»

ግሌብ አንቶኖቪች ደብተሩን ለእነማን እንዳሳየ፣ ምን እንዳሉት፣ ራዚያት አልሰማችም። በዚያው ክረምት እንደሞተ ብቻ ከአንድ የድሮ የራጅ ሠራተኛ ሰማች። የቀብሩ ማስታወቂያ ስለ እሱ የጻፈው የወንዝ ጀልባ መሐንዲስ ነበሩ ብሎ ብቻ ነው።

ሳኒያት ሰላምታ አልከለከለቻትም። ራዚያት ማክሰኞ ማክሰኞ ትሄዳለች፤ ሳኒያት ጎመኑን ትመዝንላታለች፣ ጤናዋን ትጠይቃታለች፣ የገንዘብ መልሷን ትሰጣታለች። ርጩማው ላይ ግን የጎመን በርሜል ተቀምጧል። አንድ ቀን ራዚያት ድፍረት አግኝታ «ያ ጋንሽ ያፈሳል ሲሉ ሰማሁ፤ ላየው?» አለቻት።

«ለሌላ ሰው ሰጥቻለሁ» አለች ሳኒያት።

ሚያዝያ ላይ በየዓመቱ በታጁዲን ስም ሰደቃ ይወጣል። አርባ ስድስት ዓመት ሙሉ የዚያን ቀን ዱቄት የምታቦካው ራዚያት ነበረች። በዚህኛው ዓመት የጠራት የለም። ቤቷ ከሳኒያት ግቢ ሁለት አጥር ብቻ ስለሚርቅ፣ ሴቶቹ ሲገቡ፣ ሳህን ሲንኳኳ፣ ሼኹ ሲቀራ ሁሉንም ትሰማ ነበር። ዳቦ ልትበደር የመጣች አንዲት ጎረቤት በሯን አንኳኩታ «እትዬ ራዚያት፣ እዚያ አልሄዱም እንዴ? ቹዱው ዘንድሮ ወፈረባቸው፤ የእርስዎ እጅ የለበትም» አለቻት።

«አሞኛል» አለች ራዚያት።

ጎረቤቷ ስትሄድ መስኮቱን ከፍታ ተቀመጠች። ሴቶቹ እስኪወጡ፣ የመጨረሻዋ ሴት የግቢውን በር እስክትዘጋ ድረስ ከዚያ አልተነሣችም።